በረዶ ያረሳቸው ተራሮች፤ የባሌና የአርሲ ደጋ ታሪክና የዛሬው ውሃችን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና የዩኒየናችን አባላት፣
የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች በቂ ማብራሪያ ሰጥተዋል። አዘጋጅ ኮሚቴው እኔን የጠየቀኝ ስለ መሬቱ እንድናገር ነው። የምናርሰው መሬት፣ ከብቶቻችንን የምናጠጣበት ወንዝ፣ ማለዳ ስንነሣ ዓይናችን የሚያርፍበት ተራራ እንዴት የዛሬውን መልክ እንደያዘ አስረዳ ተብያለሁ። ነገሩ ከእርሻ ሥራችን የራቀ ሊመስል ይችላል። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጣችሁኝ ግን በየቀበሌው ስብሰባ ከምንከራከርበት ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን እንደምትረዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በረዶ ሲባል የትኛው በረዶ?

እኛ ገበሬዎች በረዶ ሲባል ወዲያው የሚታየን በክረምት ከደመና ወርዶ ያሸተ ገብስ የሚያራግፈው ነው። እሱ በረዶ ሲመታ ይመታል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት በረዶ ነው። ተመራማሪዎች ግግር በረዶ ይሉታል።

ግግር በረዶ የሚፈጠረው አየሩ እጅግ ከመቀዝቀዙ የተነሣ በአንድ ዓመት የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ የሚቀጥለው ዓመት በረዶ ሲደረብበት ነው። በላዩ ላይ እየተጨመረ በሄደ ቁጥር የታችኛው ይጨመቃል፣ ይጠጥራል፣ በመጨረሻም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ብርቱ አካል ይሆናል። ይሁን እንጂ ባለበት አይቀመጥም። ክብደቱ ወደ ታች ስለሚገፋው በተዳፋት ላይ በጣም በዝግታ ይንሸራተታል። ሲንሸራተትም በሥሩ ያገኘውን ቋጥኝ ይነቅላል፣ የነቀለውን ድንጋይ እንደ ማረሻ ይዞ የሥሩን ዐለት ይፍቃል፣ የፈጨውን እያግበሰበሰ ወደ ቆላው አቅጣጫ ያወርዳል። ጫፉ ሞቃት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቀልጣል። ያን ጊዜ ውሃው ይሄዳል፣ የተሸከመው ድንጋይና አፈር ግን እዚያው ይራገፋል።

ስለዚህ ግግር በረዶ ራሱ አንድ ትልቅ አራሽ ነው ማለት እንችላለን። ይነቅላል፣ ይፈጫል፣ ያጓጉዛል፣ ይከምራል። በሬ የማያስፈልገው፣ ነገር ግን አንዱን ትልም ለማውጣት ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጅ አራሽ ነው።

በአገራችንስ ነበረ ወይ?

ዛሬ በኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ግግር በረዶ የለም። በአፍሪካ ተራሮች ላይ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርወንዞሪ ሲሆን እሱም ቢሆን በፍጥነት እየመነመነ ነው። በጥንት ጊዜ ግን የእኛም ተራሮች በረዶ ነበራቸው። በሰሜን ተራሮች በራስ ደጀንና በቧሂት አካባቢ፣ በአርሲ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በባዳ ተራራ፣ በባሌ ደግሞ በሳነቴ አምባና በዙሪያው ባሉ ሸለቆዎች ምልክቱ ተገኝቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ስለ ባሌ በሰፊው መናገር የመረጥኩት ጥናቱ የተሟላ ስለሆነና ውሃውም የብዙዎቻችን ውሃ ስለሆነ ነው። የባሌ ተራሮች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከመሬት ውስጥ በፈላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። የሳነቴ አምባ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ያለፋችሁ ሁሉ የምታውቁት ሰፊና ነፋሻ ሜዳ ነው። በላዩ ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ግግር በረዶ እጅግ የተስፋፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። በዚያ ወቅት በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ እንደ ቆብ የተደፋ የበረዶ ሽፋን ነበረ። በሰሜን በኩል ደግሞ ዛሬ የቶጎና ወንዝና የዌብ ገባሮች በሚፈስሱባቸው ሸለቆዎች ውስጥ የበረዶ ምላሶች ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ሁሉም ሲደመር በባሌ ተራሮች ላይ በበረዶ የተሸፈነው መሬት ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንደነበረ ይገመታል።

ቅዝቃዜው ምን ያህል ነበር? ጥናቱ የአየሩ ሙቀት ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ብሎ እንደነበረ ያሰላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ እኛ ቋንቋ እንመልሰው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል። በዚያ ዘመን ጅባራና ጓሳ የሚበቅልበት የውርጭ ቀበሌ ከዛሬው ቦታው ወደ 700 ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። ዛሬ 3,000 ሜትር ላይ ገብስ የሚዘራ አባላችን በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ፣ ማሳው ዛሬ 3,700 ሜትር ላይ እንዳለ መሬት ይሆንበት ነበር። በ3,700 ሜትር ላይ ምን እንደሚበቅልና ምን እንደማይበቅል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ምልክቱን እንዴት እናውቃለን?

አንዳንዶቻችሁ “ያኔ ማን አይቶ ነው?” ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን በዓይናችን የምናየው መሬት ራሱ ይሰጠናል።

አንደኛው ምልክት የሸለቆው ቅርጽ ነው። ወንዝ ብቻውን የቆፈረው ሸለቆ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ገደል ነው፤ እግሩ ላይ ከወንዙ ሌላ የሚቆም ነገር የለም። ግግር በረዶ ያለፈበት ሸለቆ ግን ወለሉ ሰፊና ዘርዘር ያለ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ገበታ የተፋቀ ይመስላል። በቶጎና ላይኛው ሸለቆ የሄደ ሰው ይህንን ልዩነት በቀላሉ ያስተውላል።

ሁለተኛው ምልክት በሸለቆው ጎንና አፍ ላይ እንደ ካብ የተደረደረ የድንጋይና የአፈር ክምር ነው። ባለሙያዎች ሞሬን ይሉታል። በወንዝ የመጣ ድንጋይ በመጠን በመጠኑ ተለይቶ፣ ተሞርዶና ተድቦልቡሎ ይቀመጣል። በሞሬን ውስጥ ግን ቤት የሚያክል ቋጥኝ ከደቃቅ አፈር ጋር ተደባልቆ ይገኛል፤ በረዶ ትልቁንም ትንሹንም ሳይመርጥ ተሸክሞ በአንድ ቦታ ስለሚያራግፍ ነው።

ሦስተኛው ምልክት በሳነቴ አምባ ደቡባዊ ክፍል የሚታየው አስደናቂ የድንጋይ ትልም ነው። ትልልቅ የድንጋይ ቋጥኞች ሰው ያሰለፋቸው ይመስል በተዳፋቱ ላይ ረድፍ ረድፍ ሆነው ይታያሉ። ከእነዚህ ረድፎች ትልልቆቹ እስከ 1,000 ሜትር ርዝመት፣ እስከ 15 ሜትር ስፋትና እስከ 2 ሜትር ጥልቀት አላቸው። መሬቱ ለረጅም ዘመን ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ፣ ሲያብጥና ሲሟሽሽ፣ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ወደ ጎን የገፋው ነው። ዛሬ በሳነቴ የሌሊቱ ውርጭ የሚያቀዘቅዘው የላይኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ እነዚያ ትልሞች ካለፈው ቀዝቃዛ ዘመን የቀሩ ናቸው።

ዘመኑን መቁጠር የተቻለው ደግሞ ከድንጋዩ ነው። ከሰማይ ዘወትር የሚወርድ የማይታይ ጨረር አለ። ይህ ጨረር ገላጣ ቦታ ላይ የተቀመጠን ድንጋይ በመታው ቁጥር በድንጋዩ ገጽ ውስጥ ክሎሪን 36 የሚባል ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ ይፈጠራል። በረዶው ቋጥኙን ከመሬት ነቅሎ በሞሬኑ ላይ ካስቀመጠው ቀን ጀምሮ ይህ ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ከቋጥኙ አናት ጥቂት ድንጋይ ፈልጠው በቤተ ሙከራ ይለኩታል፤ የተጠራቀመው መጠንም በረዶው ድንጋዩን ትቶት ከሄደ ስንት ዘመን እንደሆነ ይነግራቸዋል። ሒሳብ ያዡ መዝገቡን ገልጦ የማኅበሩን ዕዳና ገቢ እንደሚያነብ ሁሉ እነሱም ድንጋዩን ያነባሉ።

ከዚህ ንባብ አንድ ትልቅ ትምህርት ተገኝቷል። በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው ቦታ ግግር በረዶ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ከ26 ሺህ እስከ 19 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነው። የእኛ ግን ቀድሞ ነበር። በረዶ እንዲከማች ቅዝቃዜ ብቻ አይበቃውም፤ እርጥበትም ያስፈልገዋል። ዝናብ የሌለበት ብርድ በረዶ አያበዛም። ምሥራቅ አፍሪካ በዚያ የዓለም ብርድ ማብቂያ ላይ ድርቅ እንደነበረባት ከሐይቆቻችን ደለል ታውቋል፤ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ እንኳ ደርቆ ነበር። ዝናብ የሁሉ ነገር ቁልፍ መሆኑን እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ ተራራው ላይ የነበረው በረዶም ያው ዝናብ ጠባቂ ነበር።

በበረዶው ዳር የኖሩ ሰዎች

እንዲህ ባለው ብርድ ማን ሊኖር ይችላል እንላለን። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። በዌብ ሸለቆ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የድንጋይ ዋሻ አለ። በዚያ ዋሻ ወለል ውስጥ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ያነደዱት እሳት አመድ፣ የተጠቀሙበት የድንጋይ መሣሪያና የበሉት እንስሳ አጥንት ተገኝቷል። ማለትም ከላያቸው ያሉት ተራሮች በረዶ በለበሱበት ዘመን ሰዎች እዚያው ይኖሩ ነበር።

የሚበሉት ምን ነበር? በብዛት የተገኘው ዛሬም በሳነቴ ላይ አፈር እየቆፈረ የሚኖረው ትልቁ ፍልፈል ነው። እየጠበሱ ይበሉት ነበር። የሚጠጡት የበረዶውን ቅላጭ ውሃ ነው። ለመሣሪያ የሚሆነውን ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ደግሞ ከ4,200 ሜትር አካባቢ፣ ከበረዶው ጠርዝ አጠገብ ያመጡት ነበር። ተራራው ለሰው ልጅ ምግብን፣ ውሃንና መሣሪያን በአንድ ቦታ ያቀረበ ጎተራ ነበረ ማለት ነው። ዛሬም አርብቶ አደሩ ወገናችን በጎዳንቱ ሥርዓት ከብቱን ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው ሲያወጣ የዚያን ጎተራ በር እያንኳኳ ነው።

በረዶው ሲሄድ ምን ትቶልን ሄደ?

አየሩ እየሞቀ ሲመጣ በረዶው ወደ ላይ እየሸሸ በመጨረሻ ጠፋ። ነገር ግን ባዶ እጁን አልሄደም፣ እኛንም ባዶ እጃችንን አልተወንም።

በቶጎና ሸለቆ ራስ ላይ፣ 3,950 ሜትር አካባቢ፣ ገርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ትርጉሙ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ይህ ሐይቅ የተኛው ግግር በረዶ ዐለቱን እንደ ድስት ጎድጉዶ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያዊው የመሬት ሳይንስ ሊቅ መሐመድ ዑመርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሐይቁ ወለል ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የደለል ናሙና አውጥተው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አሳትመዋል። በዚያ ደለል ውስጥ ከ16 ሺህ ዓመታት በላይ የወደቀ የአበባ ብናኝ በንብርብር ተቀምጧል። ከሥር ያለው ንብርብር መሬቱ ገና ከበረዶ ነፃ ወጥቶ ሣርና ጥቂት ቁጥቋጦ ብቻ የነበረበትን ጊዜ ያሳያል። ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ሲበዛ አስታው ወደ ላይ ተስፋፋ። ቆይቶም ዝናቡ ሲቀንስ ጥዱ በዝቶ ታየ።

በዚያ ዝናባማ ዘመን የአርሲ ደጋ ውሃ ወደ ስምጥ ሸለቆ በብዛት ወርዶ፣ ዛሬ ተለያይተው የምናያቸው ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ነበር። ሐይቁ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። ተራራው ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ሲነሣም ምን ያህል እንደሚነሣ ከዚህ እንረዳለን።

ለእኛ ኑሮ ዋናው ቅርስ ግን ከሐይቁ ይልቅ ስም የሌላቸው ትንንሽ ጨፌዎችና ረግረጎች ናቸው። በረዶው በጎደጎደው ቦታ ሁሉ፣ ሞሬኑ እንደ ክትር ሆኖ ሸለቆውን በዘጋበት ሁሉ ውሃ ተኛ፤ በውሃው ላይ ሣር በቀለ፤ የበሰበሰው ሣር ለሺህ ዓመታት ተደራርቦ ጥቁር ስፖንጅ የመሰለ አፈር ሆነ። ይህ አፈር በክረምት የወረደውን ዝናብ ጠጥቶ ይይዛል፣ በበጋ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀዋል። በጥርና በየካቲት ዝናብ ሳይኖር ቶጎና፣ ሻያና ዌብ የሚፈስሱት ተራራው ላይ ማን ውሃ ስለጨመረላቸው ነው? የጨመረላቸው ይህ ደን፣ ይህ ሣርና ይህ ጨፌ ነው።

ውሃው ሲወርድ ደግሞ የት እንደሚደርስ አስቡት። ዌብ በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ከገናሌና ከዳዋ ጋር በዶሎ አካባቢ ተገናኝቶ ጁባ የተባለው ወንዝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሶማሊያን አቋርጦ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። ሳነቴ ላይ የተረገጠ አንድ ጨፌ የሚሰማው በሩቅ ቆላ በሚኖር ግመል አርቢ ጉሮሮ ነው።

ማሳችንስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። በረዶው የሮቤን፣ የሲናናን ወይም የአጋርፋን ሜዳ አላረሰም። እስከዚያ ድረስ አልወረደም። የሜዳው ጥቁር መረሬ አፈር የመጣው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው፤ ለረጅም ዘመን በዝናብና በፀሐይ በስብሶ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ የሜዳው ስንዴ ከበረዶው ጋር ያለው ዝምድና በውሃው በኩል ነው።

በላይኛው ተዳፋት ያለው መሬት ግን የተለየ ነው። እዚያ ቅዝቃዜው አሮጌውን አፈር ጠርጎ ወይም ከድንጋይ ጋር አደባልቆ ነው የሄደው። ዛሬ የምናየው ለስላሳ ጥቁር አፈር ከዚያ በኋላ፣ ብርዱ ካለፈ ወዲህ፣ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ለመሠራት ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ለመሄድ ግን ስንት ዓመት ይበቃዋል? እንደ ዩኒየን አባል ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

በሰሜን ተራሮችና በሌሎችም ደጋዎቻችን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አንድ ጥሩ ማሳ በሄክታር 40 ኩንታል ስንዴ ቢሰጠን፣ ከሰበሰብነው እህል ከአሥር እጥፍ በላይ የሚመዝን አፈር በዚያው ዓመት በጎርፍ ሰጠን ማለት ነው። በዩኒየኑ መጋዘን በኩል ያልተመዘገበ፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ወጪ ነው።

ለስላሳው የደጋ አፈር አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ በሄክታር 10 ቶን ያህል ቢመዝን፣ 42 ቶን ማለት በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር አፈር ያለው ተዳፋት በዚህ አካሄድ በ120 ዓመት ገደማ ድንጋዩ ይቀራል። በጣም ቀጥ ያለው ተዳፋት ደግሞ ከአማካዩ በላይ ይታጠባል፤ ስለዚህ ይህን ያህል ጊዜም አይሰጠንም። ከ10 ሺህ ዓመት በላይ የተሠራው በአራትና በአምስት ትውልድ ያልቃል ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት ለአፈርም ይሠራል፤ በየዓመቱ የሚሄደው በዓይን ስለማይታይ ልብ አንለውም።

ዛሬ ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አባላት፣

በየቀበሌው ጉባኤ በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ አለ። መሬት የሌላቸው ወጣቶቻችን “ላይ ያለው ጨፌ ተጠንፍፎ ገብስና ድንች ይዘራበት፣ ተዳፋቱም ይከፋፈለን” ይላሉ። ጥያቄያቸው የጥጋብ አይደለም፤ የኑሮ ጥያቄ ነው። “ተፈጥሮን ጠብቁ” ብሎ ብቻ ወጣቱን ባዶ እጁን መመለስ ፍትሕም መፍትሔም አይሆንም። በሌላ በኩል ጨፌው በቦይ ሲጠነፈፍ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጥ ይሆናል፤ ከዚያ ጥቁሩ አፈር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሟሽሻል፣ ውሃ የመያዝ ኃይሉንም ያጣል። ያን ጊዜ ላይ ያለው ወጣት ማሳውን፣ ታች ያለው ገበሬ የበጋ ውሃውን አብረው ያጣሉ። ሁለቱም የዚህ ዩኒየን አባላት ናቸው።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። የዛሬው አየር ወደ ሙቀት እየሄደ ነው። ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ቅዝቃዜ የውርጭን ቀበሌ 700 ሜትር ወደ ታች ካወረደው፣ ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ወደ ላይ የሚሄደው ግን ማብቂያ አለው፤ ከቱሉ ዲምቱ አናት በላይ ተራራ የለም። በዚህ ቀበሌ የሚኖሩት ቀይ ቀበሮ፣ ትልቁ ፍልፈልና ጅባራ የሚሸሹበት ቦታ አይኖራቸውም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለአካባቢያችን ክብር ነው፤ ክብሩ ግን ኃላፊነትም ጭኖብናል።

ስለዚህ ለውይይት የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በክልሉ ያሉትን ጨፌዎችና ምንጮች ይቁጠር፣ ወሰናቸውንም ከቀበሌ አስተዳደርና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ይለይ። ያልተቆጠረ ንብረት አይጠበቅም። ጨፌ አይታረስም፣ አይጠነፈፍም የሚል ድንጋጌ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ቀድሞ በታረሰው ተዳፋት ላይ የእርከን፣ የክትርና የሣር ማሰሪያ ሥራ በዘመቻ ተጀምሮ በዘመቻ የሚያልቅ እንዳይሆን፣ በየዓመቱ የሚጠገንበት ሥርዓት እንዘርጋ። ሞሬኑ የተወልን ድንጋይ ለእርከን የሚሆን ሞልቷል፤ ከማሳው ለቅመን የምንጥለውን ወደ እርከኑ እናድርገው።

ሦስተኛ፣ የወጣቶቻችን ጥያቄ መልስ ያግኝ። ሣር አጭዶ ማደለብ፣ ንብ ማነብ፣ የድንችና የብቅል ገብስ ዘር ብዜት አነስተኛ መሬት ይዘው የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ዩኒየኑ ብድሩንና ገበያውን ቢያመቻች ጨፌውን ሳያርሱ ገቢ ያገኛሉ። ተዳፋቱን የሚጠብቁና የሚጠግኑ ወጣቶችም ከዩኒየኑ የማኅበራዊ አገልግሎት በጀት ክፍያ የሚያገኙበትን መንገድ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲያጤነው እጠይቃለሁ። ታች ያለው ገበሬ በበጋ ለሚያገኘው ውሃ ላይ ላለው ወንድሙ የሚከፍለው ዋጋ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አራተኛ፣ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ ያሉ ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ መድረክ የሚገናኙበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹልን በአክብሮት አሳስባለሁ። ውሃው የወረዳ ወሰን አያውቅም፤ ውይይታችንም በወሰን መታጠር የለበትም።

ክቡራትና ክቡራን፣

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ነው ይህን ዩኒየን የመሠረትነው። ብቻችንን ማዳበሪያ መግዛት፣ ብቻችንን ነጋዴ ፊት መቆም ስላቃተን አንድ ላይ ሆንን፤ ሆነንም አየነው። ተራራውም እንደዚሁ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ጨፌን ሊያድን አይችልም፤ አንዱ ቢተወው ሌላው ያርሰዋልና። ሁላችን በአንድ ደንብ ከተስማማን ግን ይቻላል።

በረዶው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ያከማቸልንን ውሃ ማከፋፈልና ማቆየት የእኛ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የጨፌዎቻችን ቁጥርና ወሰን ተመዝግቦ በአጀንዳ ተይዞ እንዲቀርብ አደራ እያልኩ ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።